ጋሽ ውሃልክ እና የጎረቤታቸው ብሌንደር

ጋሽ ውሃልክ ከሥራ ተመልሰው ደረጃውን ሲወጡ፣ ከእሳቸው ቤት በታች የምትኖረውን የሙያ ትምህርት ቤት መምህርት በሯ ላይ አገኟት። በአንድ እጇ ካርቶን ታቅፋ በሌላው ከቦርሳዋ ውስጥ ቁልፍ ትፈልጋለች።

ይህ ቅጽል ስም የወጣላቸው አናጢ ስለሆኑ ብቻ አይደለም። ጠረጴዛ ላይ ውሃ ልካቸውን አስቀምጠው እንደሚመለከቱ ሁሉ፣ የሰውንም ኑሮ እየተመለከቱ «ይሄ ተንጋዷል፣ ያኛው ዘሟል» ማለት ይወዱ ነበር። የራሳቸውን ቤት ግን ለክተው አያውቁም። በሽታው የእሳቸው ብቻ ስላልሆነ ቶሎ አንፍረድባቸው።

«እንዴት ዋልሽ፣ ልጄ? አምጪው፣ ልያዝልሽ።»

«ደህና ዋሉ፣ ጋሼ? ያክብርልኝ። ብሌንደር ነው። የድሮዬ መክደኛው ተሰነጠቀና ዋጋው የማይጎዳ፣ ደህና ነው ያልኩትን ገዛሁ። ካልቸኮሉ ይግቡና ስሞክረው ይዩልኝ። የመሣሪያ ነገር እርስዎ ያውቃሉ።»

ጋሽ ውሃልክ ብሌንደር የሚባል ነገር አይወዱም። «እርስዎ ያውቃሉ» መባል ግን ይወዳሉ፤ ስለዚህ ገቡ።

ማድ ቤቷ ሁለት ሰው ከገባ የሚሞላ ጠባብ ክፍል ነው። መምህርቷ ዕቃውን ከካርቶኑ አውጥታ ጆጉን ማጠብ ስትጀምር፣ እሳቸው መቀመጫውን ገለበጡት፣ በጣታቸው መቱት፣ ጠረጴዛው ላይ አድርገው ገፋ አደረጉት።

«እግሩ ጎማ አለው፤ አይንሸራተትም። ይህቺን ወደድኳት። ጆጉ ግን ፕላስቲክ ነው።»

«ልክ ነዎት፣ ብርጭቆው ይሻል ነበር፤ ሽታም ቀለምም አይዝም። ግን ዋጋውም ክብደቱም ይብሳል። ፕላስቲኩን እንደተጠቀምኩበት ወዲያው ካጠብኩት ይበቃኛል። እኔ ሱቅ ውስጥ ያየሁት መክደኛው ጥብቅ ማለቱን፣ ምላጩ ተፈትቶ መታጠቡን፣ የውስጥ ጎማው ሲያልቅ መለዋወጫ መገኘቱን ነው። የቁልፉን ብዛትና ብልጭልጩን ለሚፈልገው ተውኩለት።»

«አትድከሚ፣ ሁሉም ያው ነው። እኔም አንዴ ገዝቼ በገዛሁት ቀን ጨሰ! አውጥቼ ጣልኩት።»

«ምን ፈጭተውበት ነው?»

«ደረቅ ሽምብራ።»

«ያለ ውሃ?»

«ዱቄት በውሃ ይፈጫል እንዴ?»

«እያሳረፉት ነበር?»

«እኔ ጀምሬ የማቋርጠው ሥራ የለኝም። እስኪልም ቁልፉን ጫን ብዬ ያዝኩት።»

መምህርቷ ሳቋን በእጇ ሸፈነች። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አንድ ተለማማጅ የእርስዎን መላጊያ ወስዶ ሚስማር ያለበት ጣውላ ላይ ቢገፋውና ምላጩ ቢሸረፍ፣ ጥፋቱ የመላጊያው ነው ይላሉ?»

«ምን ነካሽ! ጆሮውን ነው የማዞርለት።»

«የመላጊያውን?»

«የተለማማጁን እንጂ!» አሉና ነገሩ ገባቸው። እጃቸው ሳያስቡት ወደ ጆሯቸው ሄደ።

«ይህ ትንሽ ሞተር ነው» አለች መምህርቷ፣ ነገሩን ሳታከር። «ደረቅ እህልና አጥንት አይችልም። ትኩስ ሾርባም አይጨመርበትም፤ እንፋሎቱ ክዳኑን ያስፈነጥረዋል። የበሰለና የቀዘቀዘ አትክልት፣ የራሰ ምስር፣ ፍራፍሬ፣ ይኼን ሁሉ ግን አሳምሮ ይሠራል። ይጮኻል፣ አልዋሽዎትም። ዓቅሙን ላወቀለት ሰው ግን ርካሹም ይበቃል።»

ጋሽ ውሃልክ በመሣሪያው ክርክር መረታታቸውን ሲያዩ ወደ ሰው ክርክር ዞሩ። ብዙዎቻችን እንዲህ ነን፤ በአንዱ በር ሲያስወጡን በሌላው እንገባለን።

«እሺ፣ ዕቃው ደህና ነው እንበል። ትልቅ ሰው ግን ምግቡን አስፈጭቶ እንደ ሕፃን ሲጋት አያሳፍርም? ባለፈው የሕንፃው ስብሰባ ላይ ያ ጡረታ የወጣው ዘበኛ ሾርባዬን በማሽን አስፈጫለሁ ቢል፣ ‹ጡጦህንስ የሚያጥብልህ ማን ነው?› አልኩት። ቤቱ ሳቅ በሳቅ ሆነ!»

«ባለቤትዎ እትዬም እዚያ ነበሩ?»

«እንዴታ! አጠገቤ ነበረች።»

«እሳቸውም ሳቁ?»

ጋሽ ውሃልክ ለማስታወስ ሞከሩና አቃታቸው። ያን ጊዜ ያዩ የነበረው የሚስቁትን ሰዎች ነበር።

«እሷንማ ተያት» አሉ። «ሐኪሙ ጥርሷን ከነቀለላት ወዲህ እንኳ አንድም ቀን ማሽን ግዛልኝ ብላኝ አታውቅም። ማታ ስገባ ቀድማ በልታ ነው የምትጠብቀኝ። መብሏም ቀንሷል፤ በእኛ ዕድሜ ደግሞ ደግ ነው። እንደ እኔ ሚስት በጥቂት የምትጠግብ የለችም እያልኩ ለሰው ሁሉ አወራላታለሁ።»

ለሁሉ ነገር መልስ የማታጣው መምህርት አቀርቅራ የታጠበውን ጆግ እንደገና ማጠብ ያዘች።

«ምነው ዝም አልሽ? ረታሁሽ መሰለኝ!» አሉ ጋሽ ውሃልክ ደስ ብሏቸው።

በዚህ መሐል በሩ በቀስታ ተንኳኳ። መምህርቷ ደንግጣ ወደ በሩ ፈጠን ብትልም የውጪው ድምፅ ቀደማት።

«እኔ ነኝ፣ የኔ ልጅ። ዛሬ ካሮትና ድንች ነው፣ አቀዝቅዤዋለሁ። እባክሽ ቶሎ ፍጪልኝና እሱ ሳይመጣ ልብላው። ትናንት ስላልመጣሁ ሆዴ ባዶውን ነው ያደረው።»

ጋሽ ውሃልክ ይህን ድምፅ ዕድሜ ልካቸውን ሰምተውታል። እንዲህ ሲለማመጥ ግን ሰምተውት አያውቁም።

ባለቤታቸው በነጠላቸው ጫፍ የሸፈኑትን ሳህን ይዘው ገቡና ባላቸውን ሲያዩ ባሉበት ቆሙ። ሳህኑን ወደ ኋላቸው ሊደብቁ ሞከሩ። አዛውንት ሴት፣ ልጆች አሳድገው ለወግ ለማዕረግ ያበቁ ሴት፣ ካሮት እንደሰረቀ ልጅ!

«ይቅር በለኝ» አሉ ቶሎ ብለው። «ሰው ቤት እየዞርኩ አላዋረድኩህም። ከእሷ በቀር ማንም አያውቅም።»

ጋሽ ውሃልክ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ ነበር። ፊታቸው እንደ እሳት ነደደ። ቢቆጡ ይቀላቸው ነበር፤ የሚቆጡት ሰው ግን አጡ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ በመጨረሻ።

«ልነግርህ ነበር። ሐኪሙ ድድሽ ድኖ ሰው ሠራሹ ጥርስ እስኪገባልሽ የላመ ብቻ ብዪ ሲለኝ፣ በዚያው ቀን ልነግርህ አስቤ ነበር። ማታ ስብሰባ ሄድንና በዘበኛው አስቀህ ሰው ሁሉ ሲንከተከት አጠገብህ ተቀምጫለሁ። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልንገርህ? በሙቀጫ ልወቅጥ ብል የእጄ አንጓ እምቢ አለኝ። ሲቸግረኝ ነው እዚህ መመላለስ የጀመርኩት።»

«ትናንትስ ለምን አልመጣሽም?»

ሴትዮዋ ወደ መሬት አዩ።

«ትናንት አንተ ቤት ዋልክ።»

ጋሽ ውሃልክ ትናንት ሥራ ስላልነበራቸው ቤታቸው ሲዝናኑ መዋላቸውን አስታወሱ። ሁለት ጊዜ በልተዋል። «አንቺስ?» ብለውም ጠይቀዋል። «በልቻለሁ» ሲሏቸው ወደ ሳህናቸው ተመልሰዋል። በጥቂት ትጠግባለች ያሏትን ሚስት የሚያስርቧት እሳቸው ነበሩ።

«ዘበኛውን ቢሆን ሰው ፊት ነው ያዋረድኩት» አሉ። «አንቺን ግን በገዛ ቤትሽ። ማፈር ያለብኝ እኔ ነኝ፣ አንቺ አይደለሽም።»

ሳህኑን ከእጃቸው ተቀብለው ወደ መምህርቷ ዞሩ። «ልጄ፣ እኔ ራሴ ልፍጨው። አሳዪኝ።»

«መጀመሪያ ውሃ ጠብ ያድርጉበት። አትክልቱን ያሳንሱት። ጆጉን ከግማሽ ብዙ አያሳልፉ። አሁን ይክደኑና ክዳኑን በእጅዎ ይያዙት። ጫን፣ ለቀቅ። ያሳርፉት።»

ጫን፣ ለቀቅ አደረጉ። መሣሪያው ይጮኻል። እሳቸውም ጩኸቱን ወደዱት፤ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ማንም አልሰማቸውም።

ባለቤታቸው የላመውን ምግብ ተቀብለው በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ማንኪያውን ከማንሳታቸው በፊት ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ለምን ዞርሽ?»

«እንጃ፣ ለምጄው ነው» አሉ ሴትዮዋ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው።

በማግስቱ ጋሽ ውሃልክ መምህርቷን አስከትለው ሱቅ ሄዱና ያንኑ ዓይነት ብሌንደር ገዙ። ሻጩ ትልቁንና ውዱን ቢያሳያቸው፣ «የሁለት ሰው ቤት ነው» ብለው መለሱት። ሲመለሱ ከዘበኛው ቤት ጎራ አሉ። እዚያ የተባባሉትን አላወቅንም፤ ሲወጡ ግን አቀርቅረው ነበር።

የዕቃውን ጥቅም ለሚጠይቅ አንባቢ እንንገረው። ማኘክ የተሳነው ሰው፣ በሽተኛም ይሁን አዛውንት፣ ቤተሰቡ ከሚበላው ድስት ይበላል እንጂ ለብቻው አይቀቀልለትም። ሴትዮዋ ከጥርሳቸው ጋር ትተውት የነበረውን አትክልትና ምስር መልሰው አገኙ፤ ሰውነታቸው መለስ አለ፣ ሰው ቤት ከመመላለስም አረፉ። ከመጠን በላይ የበሰለ ፍራፍሬ መጣሉ ቀረ። ይህን ሁሉ ያመጣው ውድ ዕቃ አይደለም፤ ዓቅሙ ታውቆ፣ ታጥቦና ተጠንቅቆ የሚያዝ ርካሽ ዕቃ ነው። ግን ከመግዛቱ በፊት አባወራው በቤቱ ውስጥ ፈርቶ ዝም ያለ ሰው እንዳለ ይመልከት። ጋሽ ውሃልክ ይህን ያዩት በሰው ማድ ቤት ቆመው ነው።

ሴትዮዋ ግን ለብዙ ጊዜ ወደ ግድግዳ እየዞሩ ይበሉ ነበር። የሚቀርብላቸውንም ሁሉ «ጥሩ ነው፣ ተባረክ» ብለው ይቀበላሉ። ባልየው ያን ጀርባ ባዩ ቁጥር አዲስ ሐፍረት ያፍሩ ነበር፤ «ዙሪ» ለማለትም አፍ አልነበራቸውም።

አንድ ምሽት ሳህኑን አቅርበው ሲቀመጡ፣ ሴትዮዋ አንድ ማንኪያ ቀመሱና ሙሉ በሙሉ ወደ እሳቸው ዞሩ።

«ምንድነው ይሄ? ጨው የለውም። ካሮቱም አልላመም፤ ሂድና እንደገና ፍጨው!»

ጋሽ ውሃልክ ሳህኑን አንስተው ተነሱ። ማድ ቤት ሲደርሱ ወዲያው አልፈጩም። መደርደሪያውን ይዘው ቆመው አለቀሱ።