ከሉን ሊሊ ታንሳልሽ

ቅዳሜ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ፣ ጎባ። የሟቹ ወንድሜ የብዙነህ ልጅ ሩሃማ ከሃንጋሪ ደወለች። ጎረቤቴ ጤቤና የእድራችን ሽማግሌ አባባ አምባዬ አጠገቤ ነበሩ። እኔ ያልኳት ይኸው ነው።

— ሄሎ?… ሄሎ!… ሩሁ! እንዴት አደርሽ የኔ እናት?… እኔማ ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ብርዱ ነው እንጂ። ውርጩ የጤቤን ጎመን ሲያቃጥለው አደረ።… አይ፣ ጤቤ ራሷማ ምን ትሆናለች፣ እዚሁ ቁጭ ብላ እየሳቀች ነው። ጤቤ፣ በኦሮምኛ «አከም ጅርታ» ብላሻለች።… «ፈያ»፣ ደኅና ነኝ አለችሽ። አባባ አምባዬም አሉ። የእድሩን ድንኳን ቁልፍ ሊወስዱ መጥተው ወሬ ያዛቸው።… አባባ፣ ሰላም ብላዎታለች።

— በይ ያለፈውን ቅዳሜ ንገሪኝ። የት ሄዳችሁ?… ከሊሊ ጋር። አብራሽ የምታድረው፣ አብራሽ ለማስተማር ልምምድ የምትወጣው… አውቃታለሁ እንጂ! የሃንጋሪ ልጅ ሆና ስሟ የእኛ አገር ስም ነው እያልኩ የምገረምባት።… ሐይቅ ልታዩ። በባቡር።… እሺ… ባቡሩ ምን ሆነ?… ተቆረጠ? ሰው እንደተሳፈረበት?

— ጤቤ፣ ስሚ ጉድ! ባቡሩ አንድ ጣቢያ ላይ ቆሞ ለሁለት ተከፈለ አለች። የፊቱ ወደ ሐይቁ፣ የኋላው ወደ ሌላ ከተማ።… እና ሊሊ ከፊት፣ አንቺ ከኋላ?… ምን ፈልገሽ ነው ወደ ኋላ የሄድሽው?… ሽንት ቤት! ሃሃሃ… የኛ ሚኒባስ እንዲህ ቢያደርግ አስቢው፤ ግማሹ ሰው ሮቤ ሲወርድ ግማሹ አጋርፋ!… ከዚያስ?… አጠገብሽ የተቀመጠች አሮጊት ዳቦ ሰጠችሽ። ሳትጠይቂያት? እግዜር ይስጣት።

— አባባ፣ አይጨነቁ፣ ተገናኝተዋል። ሊሊ በሌላ ባቡር ተመልሳ አገኘቻት።

— ሐይቁስ?… በረዶ ሆኖ? ሰው ይሄድበታል?… አንቺም ሄድሽበት! አታደርጊውም!… አዎ፣ አዎ፣ ሳነቴ ተራራ ላይ። አባትሽ ሲወስድሽ ከኩሬው ዳር የረጋውን በረዶ እየሰበርሽ ትበዪ ነበር። ጉሮሮሽ አብጦ እናትሽ እሱን ስትቆጣ…… ሐይቁ ላይ ተንሸራተሽ ወደቅሽ?… ሁለታችሁም?… ሃሃሃ… እና ሳቅሽ። እሰይ።

— …ምን?… ጮክ ብለሽ ሳቅሽ እንዴ፣ ታዲያ ምን አለበት?… አፈርሽ?… ሄሎ?… ሩሁ፣ ትሰሚኛለሽ?

— አለሁ፣ አለሁ።… ነገ ያ የነገርሽኝ የልጆቹ በዓል አይደል እንዴ? ክረምቱ ይሂድልን ብለው የሚጨፍሩት… አትሄጂም? ለምን?… ምን አድርገው መረጡሽ?… ፀሐይ! ሁለተኛ ክፍሎቹ ራሳቸው?… የምትመዝንሽ መምህርትም እዚያው ናት?… ታዲያ ይኼ ደስ አይልም?… ቢጫ።… ቢጫ ቀሚስ፣ እስከ እግር።

— እ… ገባኝ። ከሉ።

— አታልቅሺ የኔ ልጅ።… አውቃለሁ። የአባትሽ ዓመቱ አልሞላም።… ሰው ምን ይለኛል አትበይ። ሰው ያለው ጎባ፣ አንቺ ሃንጋሪ።… እሺ፣ ለሰው አይደለም። ለእሱ ነው።… አዎ። ለእሱ።

— እስቲ ስሚኝ። እናታችን ያረፈች ጊዜ፣ አያትሽ ማለት ነው፣ አባትሽ ከላይ እስከ ታች ከል ለብሶ ነበር። ክፍል ሊገባ ሲል ግን ነጩን የመምህር ጋውን እስከ አንገቱ ይቆልፈዋል። «ብዙነህ፣ አፍረህ ነው የምትደብቀው?» ስለው፣ «ልቅሶው የእኔ ነው፣ ክፍሉ የልጆቹ ነው» አለኝ። ሌላ አልጨመረም።… እሱ መቼ ብዙ ያወራል።

— እዚያ ጋውን አይለብሱም?… እህ።… አይ፣ ከከሉ ላይ ቢጫ መደረብማ አይሆንም። ጥቁሩ ሻርፕ ከአንገትሽ ይታያል፣ ልጆቹም ይጠይቁሻል።… ጠየቁሽ? ምን አሉሽ?… «መምህርት፣ ሌላ ልብስ የለሽም?»… ወይኔ! አንዷማ የራሷን ሹራብ ይዛልሽ መጣች? የሁለተኛ ክፍል ልጅ ሹራብ ክንድሽንም አያስገባም!… እህም፣ ሳቅሽ። ሳቂ፣ ሳቂ።

— ታዲያ አውልቂው ብልሽስ?… አዎ። ልክ ነሽ። ለቀስተኛ በገዛ እጁ አያወልቅም። ሰው መጥቶ፣ ለምኖ፣ መርቆ ነው የሚያነሳለት።… አየሽ፣ ለዚህ ነው የጨነቀሽ። እዚያ ማን መጥቶ ያስወልቅሽ።

— ቆይ። ቆይ፣ አትዝጊው። አባባ አምባዬ! እርስዎ ያስወልቋት እንጂ… አሁን ነዋ፣ በዚሁ በስልኩ… «ሸዋዓለም፣ ከል በስልክ ሲወልቅ የት አየሽ?» ይላሉ። አላየሁም አባባ። ግን ይቺ ልጅ የአባቷን መርዶ የሰማችው በስልክ አይደለም ወይ? እኔው ነኝ የነገርኳት፤ እርስዎም እዚህችው ወንበር ላይ ነበሩ። በስልክ የለበሰችውን በስልክ ብታወልቅ ነውሩ ምኑ ላይ ነው?

— አለሁ ሩሁ። እያሰቡ ነው፤ ዱላቸውን መሬት ላይ እያሽከረከሩ።… እሺ አሉ! እሺ ብለዋል! እንኩ አባባ፣ ይናገሯት።… አይጩኹ እንጂ! ሃንጋሪ ድረስ የሚያደርሰው ስልኩ ነው፣ እርስዎ ዝም ብለው ያውሩ።… እንዲያ።… አሜን።… አሜን። ጤቤ፣ አሜን በይ።… አሜን።

— ሄሎ፣ እኔ ነኝ። ምርቃቱን ሰማሽ?… ሁሉንም? እሰይ። ግን አንድ ነገር ይቀራል ይላሉ። የሰው እጅ። ከአንገትሽ ላይ የምታነሳልሽ ሴት ትኑር ነው የሚሉት።… ሊሊ ታንሳልሽ!… ተኝታለች? በአራት ሰዓት?… አሃ፣ እናንተ ጋ ገና ማለዳ ነው። ቢሆንም ቀስቅሻት።… እንዴት ብለሽ ታስረጃታለሽ? እስቲ እሷ የሞተባት ሰው የለም?… አያቷ። በቃ፣ ይገባታል።

— …

— ነቃች? ካሜራውን ክፈቺው።… ውይ የኔ ልጅ፣ ከስተሻል!… ከስተሻል፣ አትከራከሪኝ። ጤቤ፣ ነይ እዪ፣ ሊሊ ይቺ ናት። ፀጉሯን አየሽው፣ ዶሮ የተጣላበት መስሏል… እንዳልኩ አትንገሪያት! ሄሎ ሊሊ! ታንኪው! ታንኪው የኔ ልጅ! አባባ፣ በዚህ በኩል ይዩ፣ ጣትዎን ከላዩ ላይ ያንሱት።

— ምን አልሽ?… የእኔን ከል? የእኔን ተዪው። እኔ አሮጊት ነኝ፣ ጥቁር ለበስኩ ነጭ ማን ያየኛል።… ሩሃማ፣ ድርቅ አትበይብኝ።… «አንቺ እታለም ካላወለቅሽ አላወልቅም»? ይኼ ያባትሽ ግትርነት ነው፣ ልክ የሱ!… አንቺ ጤቤ ደግሞ ምን ያስቅሻል?… ሰማሽ ሩሁ? የእታለምን እኔ አነሳለሁ ነው የምትለው። ተመካክራችኋል እንዴ?

— እሺ።… እሺ አልኩ! አባባ ምስክር ናቸው።… በአባትሽ ስም፣ እሺ።

— በይ አሁን፣ ሊሊ ቀስ ብላ… በሁለት እጇ… እንደሱ። ቀና በይ ሩሁ፣ ቀና… ምነው ቆመ?… ሄሎ?… አባባ፣ እኔ አልነካሁትም፣ ምስሉ ነው የቆመው፤ የሊሊ እጅ ሻርፑ ላይ እንዳለ ቀጥ አለ።… ሄሎ! ሩሁ፣ ትሰሚኛለሽ?… ሄሎ…

ስልኩ ተቋረጠ። ኔትዎርኩ እስከ እሑድ ማታ አልተመለሰም። የእኔን ከል ጤቤ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አባባ አምባዬ ባሉበት አነሳችልኝ። የሩሃማ ፎቶ ሰኞ ጠዋት ገባ። ከልጆቹ መሃል ቆማለች። ቢጫው ቀሚስ ሰፍቷታል።