ወንበሬን የለቀቅኩበት ቀን

የአንድ ሊቀመንበር ክብር ያለበት ጉዳይ ነውና፣ ይህን በማውራቴ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጨለለቂ ሰፈር ባለው የንባብ ክበባችን፣ በአንድ የቆየ ልብ ወለድ ውስጥ ያለውን የሥልጣን ጥመኛ ገዥ ባሕርይ እየተነተንኩ ነበር። «ይህ ሰው ማንንም አያናግርም፤ ብቻውን ይናገራል» እያልኩ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳሁ። ነርሷ አዴ ጫልቱ አራት ጊዜ እጃቸውን አወጡ፤ አራቱንም ጊዜ «ልጨርስ» አልኳቸው። በመጨረሻ ሳልፈቅድላቸው ተነሡ።

«ኦቦ ሊቀመንበር፣ እሱ እንኳ ሰው ከማሰሩ በፊት ‹የምትናገረው አለህ ወይ?› ብሎ ይጠይቃል።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ገዥውን እንደማልመስል ለማሳየት ወንበሬን ለቀቅኩላቸው፤ «ኧረ ይቀመጡ» ይሉኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ተቀመጡበት። ይኸው እስከ ዛሬ እሳቸው ይመራሉ፤ እኔ ከኋላ ሆኜ ሻዬን ሳይበርድ እጠጣለሁ። አደራ፣ ደስ ብሎት ተቀምጧል ብላችሁ ለማንም እንዳትነግሩ፤ አዴ ጫልቱ ከሰሙ የእኔ ቦታ ያምራቸውና ወንበሩን ይመልሱብኛል።