የአፖሎኒያ ቅናትና የአውቶቡሱ ክኒን

አፖሎኒያ ሻማና ነጭ አበባ ገዝታ ከገበያ ስትመለስ፣ የእህቷ ልጅ ኤሊዮዶሮ ከፊደንሲያ ግቢ እየሳቀ ሲወጣ ድንገት ተገጣጠሙ። በጨርቅ የተሸፈነ ሳህን ይዟል። ባታየው በወደደች። ካየችው በኋላ ግን ደረቷን እንደ በርበሬ ጭስ ከነከናት።

በዚያ ማሳቴክ የሚባለው ሕዝብ በሚኖርበት ተራራ ላይ ሐዘን ወይም ሕመም የጠናበት ሰው ቅዱሱን እንጉዳይ ይበላና፣ አዋቂ ሴት እየዘመረችለት ሌሊቱን ተቀምጦ ያነጋል። አፖሎኒያም ፊደንሲያም ሰው የሚያስቀምጡ ሴቶች ናቸው። ድሮ ከሩቅ የመጣ ሁሉ የሚያንኳኳው የአፖሎኒያን በር ነበር። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን አውቶቡሱ የሚያራግፈው ሰው በደጇ አልፎ ቁልቁል ወደ ፊደንሲያ ይወርዳል። የፊደንሲያ እንግዶች ጠዋት ፊታቸው በርቶ ይወጣሉ። ከአፖሎኒያ እንግዶች አንዱ ግን ከአየር ላይ ክር ሲለቅም አድሮ፣ ሲነጋ ስሙ ጠፍቶት በባዶ እግሩ የሰው በቆሎ ውስጥ ተገኘ። ወሬው ከእሷ ቀድሞ ገበያ ደረሰ።

«አንተ ደግሞ ከዚያች ቤት ምን ዶለህ?» አለችው።

«እንደምን ዋሉ አክስቴ። ሳልፍ ጠሩኝና እንቁላል ቀቅለው ሰጡኝ።»

«እንቁላል! ባሕር ማዶ ይህን ያህል ዘመን ያስቀመጡህ ከሰው ቤት መብላት ሊያስተምሩህ ነው?»

«የመድኃኒት ቅመማ ነው ያስተማሩኝ። መብላቱን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

ሳቋ ሊያመልጣት ነበር፤ ሳህኑን ስታይ ግን ዋጠችው። በእሷ ቤት እንቁላል የሰውን ገላ ማሻሻና ክፉውን መሳቢያ ነው፤ ከሥርዓቱ በፊት እንቁላል፣ ጉበትና ባቄላ የቀመሰ ሰው ምንጣፏን አይረግጥም። ፊደንሲያ ግን እንግዶቿን ይህንኑ ታበላለች። አፖሎኒያ ይህን በየገበያው ስታወራ ኖራለች። የሚቀና ሰው ከራሱ ቤት ይልቅ የጎረቤቱን ቤት ያውቃል፤ እሷም ፊደንሲያ እንግዶቿን ምን እንደምታበላ፣ የት እንደምታስተኛ፣ ምን እንደምታሠራ አሳምራ ታውቃለች። ለምን ይሆን ብላ ግን ጠይቃ አታውቅም።

«ና ተከተለኝ፤ አጎትህ ክሬሴንሲዮ ዛሬ ከፑዌብላ ከተማ መጥቷል» አለችው። «ማታ ላስቀምጠው ነው። የሚስቱ ሐዘን በልቶታል።»

ክሬሴንሲዮ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ውሃ በላይ በላዩ ይጠጣል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ፀሐዩ እንዲያ እያቃጠለ ግንባሩ ላይ አንዲት ጠብታ ላብ የለችም።

«ፎርቲኖ፣ መጣህ?» አለ ኤሊዮዶሮን ሲያይ።

ፎርቲኖ የኤሊዮዶሮ አባት ነው፤ ከሞተ ቆይቷል።

«ኤሊዮዶሮ ነኝ አጎቴ።»

«አዎ፣ አዎ... ያ... ምን ይሉታል...» ፍለጋውን ተወውና እንደገና ጠጣ።

አፖሎኒያ የልጁን ክንድ ይዛ ወደ ጓዳ ጎተተችው። «አየህልኝ? ምላሱን አሰረችው! ከአውቶቡስ ሲወርድ በደጇ አልፏል። ያንን በቆሎ ውስጥ የተገኘውንም እንዲሁ ነው ያደረገችብኝ።»

«አክስቴ፣ ከመፍረድዎ በፊት አንድ ሁለት ነገር ልጠይቃቸው?»

ፈቀደችለት፤ ልታሳፍረው እንጂ አምናው አይደለም።

«አጎቴ፣ መንገዱ እንዴት ነበር?»

«ምን እንዴት አለው? አንጀት የሚያስወጣ ጥምዝምዝ! ጣቢያው ላይ የማጥወልወል ክኒን ይሸጣሉ። ስነሳ ዋጥኩ፣ መሃል መንገድ ላይ ደገምኩ። እሱ ባይኖር የአንጀቴን ነገር ሾፌሩ ይነግራችሁ ነበር።»

«ሌላ የሚውጡት አለ?»

«ዶሚቲላ ካረፈች ወዲህ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የአለርጂ ክኒን ያስተኛል ሲሉኝ በየማታው እሱን እውጣለሁ።»

«ሆድዎስ? ሽንትዎስ?»

«አንተ ልጅ፣ እህቴ ፊት!» አለ ክሬሴንሲዮ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሆዴ ድንጋይ ሆኗል። ሌላውም እንደዚያው» አለው።

ኤሊዮዶሮ ወደ አክስቱ ዞረ። «አክስቴ፣ ያን መርዘኛ ተክል፣ አስተናግርን ያውቃሉ?»

«አስተናግርን የማላውቅ ሴት ነኝ? በዚህ ሰፈር ፍሬውን የበላ ልጅ ሁሉ ወደ ማን ይመጣል?»

«የበላው ልጅ ምን ይሆናል?»

«አፉ ይደርቃል። ገላው ይግላል፣ አያልበውም። የዓይኑ ብሌን ይሰፋል። ሽንቱ እምቢ ይለዋል። እናቱን በሌላ ሰው ስም ይጠራል። ከአየር ላይ ክር...» አለችና አፏ ክፍት እንዳለ ቀረ።

በረንዳው ላይ ክሬሴንሲዮ የማሰሮውን ውሃ ጭልጥ አድርጎ ሲጠጣ ተሰማ።

ልጁ አልቸኮለም፤ ይህን አንድ ነገር እዚያ ማዶ በደንብ ተምሯል። እሷ ራሷ ተናገረች፦ «አስተናግር ነው የሰጡት?»

«የአስተናግር ታናሽ ወንድም ነው በሉት። በነርቮቻችን መካከል መልእክት የሚያደርስ ነገር አለ፤ ስሙ አሴቲልኮሊን ይባላል።»

«የገዳም ቅድስት አስመሰልከው። ቅድስት አሴቲልኮሊና ትጸልይልን!»

«ብትጸልይልን አልጠላም። ምራቅ የሚያወርደው፣ ሆድን የሚያንቀሳቅሰው፣ ላብ የሚያወጣው እሱ ነው። ሐሳብን አንድ ነገር ላይ የሚያሳርፈውና ያየነውን ልባችን ውስጥ የሚያስቀምጠውም እሱ ነው። አስተናግር በሩን ይዘጋበታል፤ እነዚህ ክኒኖችም በመጠኑ እንደዚያው ያደርጋሉ። ያልበላና ያልተኛ ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል። እንጉዳዩ ብዙ ያሳያል። በሩ የተዘጋበት ሰው ግን ያያል እንጂ የሚይዘው የለም፤ ግራ ይጋባል፣ ይፈራል፣ ሲነጋ ባዶ እጁን ይወጣል።»

«ይህን በምን ለካኸው? በሚዛን?»

«የሚለካ አይደለም፤ ከምልክቱ እንገምታለን እንጂ። እውነቱን ልንገርዎ፣ እኔም እርግጠኛ ያልሆንኩበት ብዙ ነው። እዚያ ያስተማሩኝ ሰዎች እንጉዳዩን አያውቁትም፤ እዚህ ያላችሁት ክኒኑን አታውቁትም። እኔ መሃል ቆሜ ሁለታችሁንም እጠራጠራለሁ። ደረቅ አፍ ግን ደረቅ አፍ ነው።»

 በአፖሎኒያ ልብ የሚመላለሰው ግን ሌላ ነበር።

«ታዲያ ያቺ ሴትዮ ይህን ታውቃለች?»

«አያውቁትም። እንግዶቻቸውን መጀመሪያ ባቄላ ያስለቅማሉ አይደል?»

«ጉልበታቸውን ልትበላ ነዋ!»

«ይሁን። ባቄላው እስኪለቀም ክኒኑ ከሰውነታቸው ይወጣል። ያልባቸዋል፣ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። መልእክተኛው የሚሠራበት ነገር ደግሞ በእንቁላል፣ በጉበትና በባቄላ ውስጥ አለ፤ እሱኑ ይበላሉ። እንቁላል ክኒን አያጥብም፤ ክኒኑን የሚያወጣው ጊዜ ነው። እርስዎ ግን ሰውን ከአውቶቡስ ወደ ምንጣፍ ነው የሚወስዱት፤ ያውም አስርበው።»

ፊደንሲያ መተተኛ ብትሆን አፖሎኒያ በቻለችው ነበር። ሳታውቅ፣ በስስቷ ብቻ፣ ትክክለኛውን ነገር ስታደርግ መኖሯ ግን አንጀቷን አሳረረው።

ወጣችና ወንድሟን፣ «ክሬሴንሲዮ፣ ዛሬ አላስቀምጥህም። ብላ፣ ተኛ፣ ይህ ክኒን ይውጣልህ» አለችው።

ክሬሴንሲዮ ብድግ አለ። «እታለም፣ የዶሚቲላ ፊት እየጠፋኝ ነው። ዓይኔን ስጨፍን ቀሚሷ ይመጣል፣ ፊቷ አይመጣም። ለዚህ ነው የመጣሁት። ካላስቀመጥሽኝ ፊደንሲያ አለች፤ እኔን የሰፈሯን ልጅ ባቄላ አታስለቅመኝም።» ኮፍያውን አንስቶ ወረደ።

ፊደንሲያ የአፖሎኒያን ወንድም ስታስቀምጥ! ነገ ገበያው ሁሉ ይህንኑ ያወራል። ጠርታ ብትመልሰውና ማታውኑ ብታስቀምጠው ሁሉም ነገር በቤቷ ይቀራል፤ እሷ አፏን ከፍታ ልትጣራም ደርሳ ነበር። ግን ሰውዬው ቁልቁለቱን ሲወርድ ድንጋዩን በእግሩ እየዳበሰ እንደ ዕውር ይሄዳል። ሻማውንና አበባውን መሬት ላይ ጥላ ተከተለችው፤ ኤሊዮዶሮም ከኋላዋ ወረደ።

ፊደንሲያ በራፏ ላይ ባቄላ ትፈለፍላለች። ክሬሴንሲዮ አጠገቧ ተቀምጧል።

«እሰይ! ማን መጣ!» አለች ፊደንሲያ። «ምነው እቴ፣ ወንድምሽን ልትቀሚኝ?»

«ልቀማሽ አይደለም። ዛሬ እንዳታስቀምጪው ልለምንሽ ነው።»

«ልመናው የቅናት ሽታ አለው።»

«አለው፤ ይኑረው። ግን ብታስቀምጪው እንደዚያ በቆሎ ውስጥ እንደተገኘው ሰው ታደርጊዋለሽ። እኔ አንቺ አሰርሽብኝ ብዬ ስምሽን አጥፍቻለሁ። አላሰርሽም። ምን ውጠህ መጣህ ብዬ ሳልጠይቅ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።»

የባቄላው መፈልፈል ቆመ።

«እኔን ነው አሳሪ ያልሽው? የፍየሌን ገመድ እንኳ በቅጡ ማሰር ያቃተኝን?» አለችና ፊደንሲያ ሳቀች። ሳቋ ግን አልቆየም። ወደ ክሬሴንሲዮ ጎንበስ ብላ ዓይኑን አየች፤ ደግማ አየች። «ምላስህን አውጣ እስቲ።»

አወጣ።

«ክርስቶስ ሆይ! የጫማ ሶል!» አለች። ከዚያ ኤሊዮዶሮን፣ «ና ተቀመጥ አንተ ልጅ፣ ከመጀመሪያው ንገረኝ» አለችው። እሱም እንደገና ሁሉንም አስረዳ። አፖሎኒያ ቆማ ሰማች። ፊደንሲያ ከእሷ ፈጥና ስትረዳ ማየት ሌላ መርፌ ነበር።

ክሬሴንሲዮ ሁለቱም እምቢ ሲሉት እጁን ሰጠ። ኤሊዮዶሮ ወደ ጤና ጣቢያው ወሰደው፤ ሐኪሙም የእንቅልፉን ክኒን እንዴት እንደሚተው አሳየው። አፖሎኒያ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊቀመጥ ላለ ሰው እንቁላል ጠበሰች፤ እጇ እየከበዳት ጠበሰች። ክሬሴንሲዮ ቀን ቀን የበቆሎ ማሳዋን ያርማል። አንድ ከሰዓት ዶማውን አቁሞ በግንባሩ የወረደውን ላብ ጠረገና እንትፍ አለ። አፖሎኒያ ከአጥሩ ሆና፣ «ተፋ! ተፋ!» ብላ እልል አለች፤ ጎረቤቱም፣ ወንድሟ ሎተሪ የደረሰው መስሎት፣ ወጣ። ማታ ራት ላይ ክሬሴንሲዮ፣ «ኤሊዮዶሮ፣ ጨው አቀብለኝ» አለ። ጨዉ ቶሎ ደረሰው።

የዚያን ጊዜ አስቀመጠችው። ሌሊቱ የእነሱ ነው። ጠዋት ግን ክሬሴንሲዮ በረንዳው ላይ ቡናውን ይዞ፣ ያየውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነገራቸው። ዶሚቲላ መጥታ ስለሚያፈሰው ቆርቆሮ ተቆጥታዋለች። «አገጯ ላይ ጠባሳ ነበራት፤ ከብት ወግቷት በልጅነቷ» አለ። «ረስቼው ነበር። አየሁት እኮ።» ከዚያ አለቀሰ፤ እያለቀሰም ስሟን ደጋግሞ ጠራ።

ከዚያ ወዲህ አፖሎኒያ ሰው ከማስቀመጧ በፊት ትጠይቃለች፤ አፍህ ይደርቃል? ያልብሃል? ሆድህ ይሠራል? ተኝተሃል? ምን ውጠህ መጣህ? አውቶቡስ ላይ ክኒን የዋጠውን አብልታ አስተኝታ ታቆየዋለች። ሐኪም ያዘዘለትን ሰው መድኃኒትህን ጣል አትለውም፤ ሐኪምህን ጠይቀህ ተመለስ ትለዋለች። በእርጅና የመርሳት ሕመም የያዘውን ጨርሶ አታስቀምጥም፤ ዘምራለት ትሸኘዋለች። የሚመለሱት እንግዶች ምን እንዳዩ ያውቃሉ፤ ለቤተሰባቸውም ይዘው የሚሄዱት ነገር አላቸው። ማንም በባዶ እግሩ በቆሎ ውስጥ አልተገኘም። ጎረቤትም ጎረቤቱን መተተኛ አላለም። ይህ ሁሉ የመጣው እነዚህን ጥያቄዎች አስቀድሞ በመጠየቅ ነው።

ፊደንሲያ ደግሞ አላረፈችም። አውቶቡሱ በመጣ ቁጥር ጣቢያው ድረስ ወጥታ፣ «ክኒን የዋጣችሁ እጅ አውጡ! ምላስ አሳዩ!» እያለች ትጮኻለች። ሰዉም ነገሩን «የፊደንሲያ ምርመራ» ብሎ ሰየመው።

አፖሎኒያ ይህን ስም የሰማችው ከኤሊዮዶሮ ጋር ከገበያ ስትመለስ፣ አውቶቡስ ጣቢያው አጠገብ ነው። ፊቷ ቀላ። አንድ ወጣት መንገደኛ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ምላሱን አውጥቷል፤ ፊደንሲያ አገጩን ይዛ ወደ ብርሃን ታዞረዋለች።

«አክስቴ፣ ከማን እንደተማሩት ልንገራቸው?» አለ ኤሊዮዶሮ።

አፖሎኒያ ጥርሷን ነክሳ መንገደኛውን አየችው። በእርግጥም አፉ የደረቀ ይመስላል።

«መጀመሪያ አይታው ትጨርስ» አለች። «በስሙ በኋላ እንጣላበታለን።»