የወንደላጤው ሺህ ልጆች

የሠፈሩ ሰው «ጋሽ ነጥብ ሰረዝ» የሚላቸው ጡረተኛ የቴሌግራፍ ሠራተኛ ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ የታላቅ ወንድማቸውን ልጅ ድንገት ባያገኟት ኖሮ፣ እስካሁን እዚያው ተቀምጠው ጢማቸው ጉልበታቸው ላይ በደረሰ ነበር። የዘር ሐረጋቸውን ከነፎቶው ለታላቅ እህታቸው ለመላክ ቢሞክሩ ፋይሉ አላልፍ ብሎ ሦስት ሰዓት ጠብቀዋል። እህትየው ያሉት ኔትወርክ እንደ ክር በቀጠነበት ሩቅ ከተማ ነው። ነገ የዓይን ቀዶ ጥገና ይደረግላቸዋል፤ ሐኪሙም ስለ ውጤቱ ቃል አልገባም። ከዚያ በፊት የሁሉንም ፊት ማየት ይፈልጋሉ።

ልጅቱ የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊ ናት። ሱቁ ውስጥ ገብታ ፋይሉን ከፍታ ሳቋን ዋጠች። አጎቷ ልጅን ሲጽፉ ወላጆቹን ከነታሪካቸውና ከነፎቷቸው፣ በወላጆቹ ሥር ደግሞ ልጆቹን እንደገና ከነታሪካቸው ጽፈዋል። እንዲህ ያለ ጽሑፍ መሬትን ሁለቴ ዞሮ ትርፉ ለጨረቃ መቀነት ይሆናል። እንዴት እንደጨረሱት ብትጠይቃቸው፣ ጣታቸው ሲዝል እንዳቆሙ ነገሯት።

መፍትሔውን አስረዳቻቸው፦ እያንዳንዱ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ተጽፎ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ሌላ ቦታ ሲፈለግ ቁጥሩ ብቻ ይጠቀሳል። ከዚያ ሁሉም በተወሰነ ቅደም ተከተል ኮምፒውተር ብቻ ወደሚያነበው የቁጥር ሰንሰለት፣ ወደ ባይት፣ ይጠቀለላል፤ ማዶ ያለውም በዚያው ቅደም ተከተል ይፈታዋል።

«እኔ ዘመዶቼን በቁጥር አልጠራም፤» አሉ ተቆጥተው። «ዓይን የማያነበውንም አላምንም።»

«አጎቴ፣ እርስዎ ሠላሳ ዓመት ነጥብና ሰረዝ ሲልኩ ማን ያነበው ነበር?»

«ማዶ ያለው ባልደረባዬ። የተስማማንበት ሕግ ነበረን።»

ይህን ሲሉ ያ ጠባብ ክፍል፣ ከጣት ሙቀት የሚሞቀው የነሐስ መምቻ፣ ዝናብ ሲመጣ የሚንሾካሾከው መስመር ትዝ አላቸው። የባልደረባቸውን ፊት አንድ ቀን አላዩም፤ የመምቻ አመታቱን ግን ከሺህ ሰው ይለዩት ነበር። ጉንፋን ሲይዘው ሰረዙ ይረዝማል። አሁን የት ይሆን?

በስተመጨረሻ እሺ አሉ፤ እፊታቸው ተጠቅልሎ እፊታቸው እንዲፈታ ግን አስማሉ። ልጅቱ ስልክ ልታነሳ ዞር ስትል፣ «ልጅ ከዘመን ይቀድማል» ብለው ቅደም ተከተሉ በተጻፈበት የመጠቅለያ ዝርዝር ላይ የልጆችን ብዛት ከልደት ዓመት አስቀደሙት። የመፍቻውን አልነኩም።

ሲፈታ፣ ወንደላጤው ታናሽ ወንድማቸው በዜሮ ዓመት ተወልዶ የሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ ሁለት ልጆች አባት ሆነ።

«ጉድ እኮ ነው፤ አንዱንም ለክርስትና አልጠራንም፤» አሉ።

ልጅቱ ዝርዝሩን አየችና አጎቷን አየች። እሳቸው ጣሪያውን አዩ።

«ባልደረባዎ ሳያውቅ ሕጉን ቢቀይሩበት ኖሮስ፣ አጎቴ?»

«ለሠርግ የጠራሁትን ሰው ለለቅሶ ይልክልኝ ነበር፤» አሉና ቅደም ተከተሉን በገዛ እጃቸው መለሱት።

እንደገና ሲፈታ ወንደላጤው ወንደላጤ ነበር። ፋይሉ መቶ እጥፍ አንሶ ከነመፍቻው ተላከ፤ ባለሱቁ አንድ ገጽ ኮፒ አድርጎ ሳይጨርስ ደረሰ። ጋሽ ነጥብ ሰረዝም ወዲያው ሰባኪ ሆኑ፦ አንድን ነገር አንዴ የጻፈ ጊዜና መስመር ያተርፋል፤ ሁለቱም ጫፍ አንድ ሕግ ከያዙ የጠበበ መንገድ አይበግራቸውም፤ ግን ሳይፈታ የሚልክ ሰው እንደኔ ነው እያሉ ባለሱቁን አደነቆሩት።

ስልኩ ጮኸ። እህታቸው ናቸው።

«እናታችንን ከነፎቶዋ አገኘኋት፤» አሉ። «የስድስታችንንም ስም ስክሪኑ ላይ ነካሁ፤ ሁሉም እሷው ጋ ያደርሰኛል።»