የጣቢያው ሜዳና የልብስ ሰፊው እህት

ሱሪዬን ላሳጥር ወደ ሰፈራችን ልብስ ሰፊ ጎራ እንዳልሁ ዝናብ ጣለና፣ ሳላስበው የአንድ ክርክር ታዳሚ ሆንሁ። ከሰዓት በኋላ ነዋሪው ተሰብስቦ፣ ከአዲሱ የባቡር ጣቢያ ፊት ያለው ሜዳ ምን ይሠራበት በሚለው ላይ ድምፅ ሊሰጥ ቀጠሮ ነበረ። ልብስ ሰፊው «መኪና ማቆሚያ ይሁን» ከሚሉት ወገኖች ዋናው ተሟጋች ናቸው፤ የከተማ ፕላን ያጠናችው የእህታቸው ልጅ ደግሞ ቤት ይሠራበት ብላ ልታግባባቸው መጥታለች። እሳቸው ግን መኪና የሚቆምበት ሰፈር እንደሚከበር፣ የኪራይ ቤት ቢሠራበት ከየትም የመጣ ሰው እንደሚያጣብባቸው አስረዷት።

«ለመሆኑ አጎቴ፣ የእርስዎ መኪና የቱ ነው?»

«ይቺው ናት» አሉ የስፌት መኪናቸውን መታ መታ አድርገው። «ቀኑን ሙሉ ብነዳትም ከደጄ አልፋ አታውቅም።»

ሁላችንም ሳቅን። ሰው የሚጠቅመውን ትቶ የሚያስከብረው የመሰለውን መመኘቱ የቆየ ሕመም ነው።

ልጅቱ በትሕትና ቀጠለች። ከጣቢያ አጠገብ ያለ መሬት ለብዙ ሰው የሚደርስ መሬት እንደሆነ፣ ባለ ከፍተኛና ባለ ዝቅተኛ ኪራይ ቤቶች ተቀላቅለው፣ ከሥራቸው ሱቅ፣ በመካከላቸው የእግረኛ መንገድ ቢኖር ሀብታሙም ድኻውም በአንድ በር እንደሚገቡ ገለጸች።

«ያ ከየትም የመጣ ሰው ማን እንደሆነ አስቢው እንጂ» አሉ እሳቸው።

«እናቴ ናት፣ አጎቴ። ሆስፒታል ስታጸዳ ውላ ወደ ከተማው ዳር ስትመለስ በዚህ ደጅ በአውቶቡስ ታልፋለች። ከወረደች ሌላ አውቶቡስ ስለማታገኝ በመስኮት መብራትዎን አይታ፣ ‹ወንድሜ ደኅና ነው› ትለኛለች።»

ሱሪዬን እየሰፉ ፔዳሉን የሚረግጠው እግራቸው ቆመ። «እኔ እኮ ረሳችኝ ብዬ ተቀይሜያት ነበር» አሉ።

በስብሰባው ላይ የማቆሚያው ወገኖች ንግግራቸውን ሲጠብቁ ተነሡና፣ «እኔ መኪና የለኝም፤ እህት ግን አለችኝ» ብለው ለቤቶቹ እጃቸውን አወጡ። ብዙዎች ተከተሏቸው።

ዛሬ በዚያ ሜዳ ጠበቃውና ጽዳት ሠራተኛዋ ጎረቤት ናቸው፤ ልጆቻቸው ተያይዘው በእግር ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፣ ሕመምተኛው ያለ ደጋፊ ባቡር ይሳፈራል፣ ለልብስ ሰፊውም ደንበኛ በዝቶላቸዋል። የእኔ ሱሪ ግን በዚያ ቀን ድንጋጤ አንድ እግሩ አጥሮ ቀርቷል፤ እንዲስተካከል አልጠየቅሁም። ለብሼው በዚያ ሳልፍ፣ እህትዮዋ ከሥራ መልስ ከወንድሟ በርጩማ አጠገብ ተቀምጣ ቁልፍ ስትተክልላቸው አያለሁና፣ ተመስገን እላለሁ።