ሐኪሙ የማያውቃት ጎጆ

አርምጋርድ በሩቅ ሰሜን ባሕር ላይ ባለችው በሳንዶይ ደሴት አርባ ዓመት ሙሉ ዓሣ ስትበልት ኖራ፣ በስድሳ ስድስት ዓመቷ እንደ ዕቃ ተቆጠረች። ሐኪሙ ስለ መቅኔዋ ካንሰር ሲያወራ ፊቱን ያዞረው ወደ ልጇ ወደ ዮአኪም ነበር። በሽታው የእሷ፣ ወሬው የሌላ ሰው።

ይህ እየከነከናት፣ ሥጋ ከምታደርቅባት ጎጆ አንድ የበግ እግር አውርዳ የቤቷን ደረጃ ስትወጣ ከጎረቤቷ ከኤልስፓ ጋር ድንገት ተገናኘች። ኤልስፓ ከተማ ተምራ የተመለሰች መምህርት ናት።

«እንደምን ዋሉ፣ እትዬ አርምጋርድ? ሥጋው ለማን ነው?»

«ለራሴ። ኮፐንሃገን ወስደው የግንድ ሕዋስ ንቅለ ተከላ ሊያደርጉልኝ ነው አሉ። ደም የሚያፈራውን ሕዋስ ከደሜ ለቅመው ያስቀምጡና፣ መቅኔዬን በመድኃኒት አራግፈው መልሰው ይሰጡኛል። የዚያ አገር ምግብ ደግሞ ነፍስ አያቆይም።»

«መቼ ይወሰናል?»

«ሐሙስ ከዮአኪም ጋር፣ ከኮፐንሃገን የሚመላለሰው ሐኪም ጋ እንገባለን።»

«ምን ሊጠይቁት አሰቡ?»

«እሱ ሃያ ዓመት ተምሮ እኔ ልጠይቀው? እንዴት ነሽ ይለኛል፣ ደህና ነኝ እለዋለሁ፣ አለቀ። እናቴም እንደዚሁ ነበረች።»

«አሁን ደረጃው ላይ ሦስቴ ሲያርፉ አይቻለሁ።»

«ዓይንሽ ይጥፋ። ያን ብነግረው ከመዝገቡ ይሰርዘኛል።»

«ካልነገሩት መድኃኒቱን የሚለካው ደረጃ ለማያደክማት ሴት ነው። የሚወስዱት ግን እርስዎ ነዎት።»

አርምጋርድ የበጉን እግር ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረች። ወሬም ለወጠች።

«ሥጋዬስ ምን አርጎሽ ነው እንዲህ የምታፈጪበት?»

«ሳይበስል በነፋስ ብቻ ደርቆ ወራት የሰነበተ፣ ሻጋታ የያዘ ነው። አዲሱ መቅኔ እስኪበረታ ሰውነትዎ ተራ ጀርም እንኳ አይችልም። የኮፐንሃገን ሐኪም አልጋዎ ሥር የበግ እግር አለ ብሎ ከየት ይጠረጥራል? እሱ የተማረው ደም ነው። የእርስዎን ጎጆ አልተማረም።»

እኛ የደሴት ሰዎች አለማማረርን ከክብር እንቆጥራለን። ባሕር ላይ ይጠቅመን ይሆናል፤ ሐኪም ፊት ግን ሐኪሙን ዓይንህን ሸፍነህ ቅዘፍ እንደማለት ነው።

አርምጋርድ ሥጋውን ደረጃው ላይ አስቀመጠች። «እርሳስ ይዘሻል? ጻፊ። ፊደሉ ትልልቅ ይሁን።»

ሐሙስ ሐኪሙ እንደ ልማዱ ወደ ዮአኪም ዞረ።

«ዶክተር፣ ወንበርህን ወደዚህ አዙረው። መቅኔው የኔ ነው» አለችና ወረቀቷን ዘረጋች። ከዚህ ሕክምና ምን ተስፋ ላድርግ? ባላደርገውስ ሌላ ምን አለ? ምን ጉዳት ያመጣብኛል? ስንት ሳምንት እተኛለሁ፣ ቤት ስመለስስ ማን ያስታምመኛል? አንድ በአንድ ጠየቀች፤ መልሱንም ዮአኪምን አስጻፈችው። በመጨረሻ ማንም ሳይጠይቃት ስለ ደረጃውና ስለ ሥጋ ማድረቂያ ጎጆዋ ተናገረች።

ሐኪሙ አልሰረዛትም። መጀመሪያ ልቧ እንዲመረመር አዘዘ፤ ካስፈለገም የመድኃኒቱን መጠን እንደሚቀንስ ነገራት። ስለ ጎጆዋ ሲሰማ ግን ብዕሩን አስቀመጠ፤ እሱ እስኪፈቅድ ድረስ ከዚያ ሥጋ አንዲት ቁራጭ እንዳትቀምስ ከለከላት። አርምጋርድ ፍርሃቷ ባይለቃትም፣ የምትገባበትን አውቃ ወጣች።

ቤት ሲደርሱ የበጉን እግር ዮአኪምን አስታቀፈችው።

«ወደ መስቀያው መልሰው። ቢላዋ እንዳይነካው፤ አንተም፣ ሚስትህም፣ ያቺ መምህርትም። ከርሞ እኔው ራሴ እቆርጠዋለሁ።»