የማይቆጣ ቆዳ፦ የፀጉር አስተካካዩ የጋሽ ቀስ በቀስ ዜና ሕይወት

ልትሸኟቸው የመጣችሁ ወገኖቼ፤ እኔ የሟች ባለቤት ታናሽ ወንድም ነኝ። በቀብር ላይ የማይነሣ ነገር ዛሬ ይነሣልና፣ ይህ ጽሑፍ እንዲነበብ የለመነችው ልጃቸው፣ የፈቀዱትም ራሳቸው መሆናቸውን አስቀድሜ አሳውቃለሁ።

ጋሽ ቀስ በቀስ እያልን የምንጠራቸው ወንድማችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው የመጨረሻ ልጅ ሆነው ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው፣ የአባታቸው ዓይን ሲደክም ትምህርቱን ትተው በአንድ ፀጉር ቤት በጠራጊነት ተቀጠሩ፤ እየጠረጉ እያዩ፣ እያዩ እየተማሩ ቆይተውም ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ሁለት ወንበርና አንድ ሰፊ መስታወት ያላትን የራሳቸውን ቤት ከፈቱ። እጃቸው የተረጋጋ ስለነበር ደንበኞቻቸው "እዚህ ጢሙን ሊላጭ የገባ ጢም አብቅሎ ይወጣል" እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር፤ ቅጽል ስማቸውም የመጣው ከዚያ ነው። እሳቸው ግን "ጢም መልሶ ይበቅላል፣ ጆሮ ግን አይበቅልም" ከማለት በቀር መልስ አልነበራቸውም።

እህቴን ያገቡት እሷ የመጀመሪያ ባሏን በሞት ተነጥቃ፣ ዳዴ የምትል ሴት ልጅ ታቅፋ በቀረችበት ጊዜ ነው። ልጅቱን ከአብራካቸው እንደወጣች አድርገው አሳደጓት፤ ሌላ ልጅም አልወለዱም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ እህቴ እየከሳች ሄዳ ስትመረመር ኤች አይ ቪ በደሟ ተገኘ፤ የቀድሞ ባሏ በምን እንደሞተም ያን ጊዜ ገባን። እሱም ሳያውቅ፣ እሷም ሳታውቅ የሆነ ነውና በዚህ ታሪክ ውስጥ ጥፋተኛ የለም። ጋሽ ቀስ በቀስ ግን ያን ሁሉ ዓመት ያለ ምንም ጥንቃቄ አብረዋት ኖረው ሳለ፣ ደጋግመው ቢመረመሩም ነፃ ሆነው ተገኙ። መድኃኒቱ እንደ ዛሬው በየጤና ጣቢያው በማይገኝበት ዘመን ነበርና እህቴ በክንዳቸው ላይ እንዳለች አረፈች።

ወሬው ከቀብሩ ቀድሞ ሰፈር ገባ። ምላጭ የያዘ እጅ ያስፈራልና የቆዩ ደንበኞቻቸው መጀመሪያ "ዛሬ ቸኩያለሁ" ማለት፣ ቀጥሎም በማዶ ያለውን መንገድ ይዘው ማለፍ ጀመሩ። እሳቸው ጠዋት ጠዋት በሩን ከፍተው፣ አንድም ፀጉር ያልወደቀበትን ወለል ጠርገው፣ ነጭ ጋዋናቸውን ለብሰው ይቀመጡ ነበር። አላስችል ቢለኝ "ጋሼ፣ የምርመራ ውጤትዎን ግድግዳው ላይ ይስቀሉትና ይገላገሉ እንጂ!" አልኳቸው።

"እኔ ነፃ ነኝ ብዬ ስሰቅለው ሰው ምን ብሎ ያነበዋል?" አሉኝ። "እሷ ነበረች ብሎ ነው የሚያነበው። የምሰቅለው እሷን ነው፤ ተወኝ።"

ልጃቸው በትምህርት ቤት አጠገቧ የሚቀመጥ ሰው ባጣች ጊዜ፣ ራሳቸው አውቶቡስ ላይ አሳፍረው ሌላ ከተማ ወደሚኖሩት ታላቅ እህታቸው ላኳት። ከዚያ ወዲያ ራታቸውን የሚበሉት ሬዲዮ ከፍተው ነበር፤ ምን እንደሚያወራ ብትጠይቋቸው አያውቁትም፤ ድምፅ ብቻ ነበር የሚፈልጉት።

እህቴን ትከታተል የነበረችው ሐኪም፣ ከተያዙ ሚስቶቻቸው ጋር ኖረው ያልተያዙ ወንዶችን ለሚመለከት ጥናት ፈቃዳቸውን ስትጠይቃቸው ነገሩ አሳፋሪ ነበር። በልጅነታቸው አልተገረዙም ነበርና ከሸለፈታቸው ሥር በጥጥ ናሙና ይወሰዳል። እሳቸው ግን "ለምን እኔ ቀረሁ?" የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ ነስቷቸው ነበርና ለዓመታት ተመላለሱ። በመጨረሻ ሐኪሟ እኔም ባለሁበት አስቀምጣ አስረዳቻቸው፦ "በዚያ ስስ ቆዳ ውስጥ ሰውነትን የሚጠብቁ ሕዋሳት አሉ። ቆዳው በተለያዩ ጀርሞች ምክንያት ሲቆጣ ሌሎች ወታደሮች ከውስጥ እየሮጡ ይደርሳሉ፤ ቫይረሱ ደግሞ የሚይዘው እነዚያኑ ወታደሮች ነው። የእርስዎ ቆዳ ብዙም የማይቆጣ ነው። ቢሆንም ዋስትና አይደለም፤ ዕድልም ረድቶዎታል።"

"ዝምተኛነቴ ለአንድ ቀን እንኳ ጠቀመኝ በይኛ!" ብለው ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልባቸው ሳቁ። ወደ ኮሪደሩ ሲወጡ ግን አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። "ለአንድ ጉዳይ የተረፍኩ ይመስለኝ ነበር" አሉኝ፤ "ለካ ጽድቅም ኃጢአትም የለበትም።"

ሐኪሟ መገረዝ የወንዶችን ተጋላጭነት እንደሚቀንስ ስትነግራቸው፣ ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፎ፣ ለራሳቸው የሚያስፈልጋቸውም ሳይሆን፣ ለጥናቱ ይጠቅማል ብለው ተገረዙ፤ የተቆረጠውንም ሥጋ ለግሰው መጡ። በዚያው ክሊኒክ ወረፋ ሲጠብቁ የሚያገኟቸውን ወንዶች በአዲስ ምላጭ ይላጩ ነበር፤ እጃቸውን ሳይፈራ አንገቱን የሰጣቸው ሰው ከእነዚያ ሌላ አልነበረም።

ኩላሊታቸው ሲታመም ልጃቸው ሥራዋን ትታ መጥታ አስታመመቻቸው። አንድ ከሰዓት በኋላ "አባዬ፣ እውነቱ ይነገር፤ እናቴም ብትሆን እሺ ትል ነበር" ብላ ለመነቻቸው። እሳቸውም "እኔ ከሄድኩ በኋላ ይሁን" አሏት። "በቁሜ ከሆነ ለራሴ ብዬ በእናትሽ ላይ የተናገርኩ ይመስላል።" በስድሳ ሰባት ዓመታቸው፣ ልጃቸው እጃቸውን እንደያዘች፣ እንደ ልማዳቸው ቀስ ብለው አረፉ።

ይህን ያነበብነው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ከሞት በኋላም ቢሆን ሰው እንደነበረው ሆኖ ይታወቅ ብለን ነው።

ከኋላቸው አንድ ልጃቸውን፣ ታላቅ እህታቸውንና እኔን ትተዋል። ከሥጋቸውም ጥፍር የምታህል ቁራጭ በምርምር ቤት በረዶ ውስጥ አለች፤ እሷ ዛሬ ከእኛ ጋር አትቀበርም፤ በማያውቋቸው ሰዎች እጅ ሆና ለማያውቋቸው ሰዎች መልስ ስትፈልግ ትከርማለች።

ብቻቸውን የኖሩትን ወንድማችንን ፈጣሪ ብቻቸውን አያሳድራቸው፤ ነፍሳቸውን ከሚወዷት አጠገብ ያሳርፍልን። አሜን።